ከመጠን ያለፈ ውፍረትና የበጎ አድራጎት ገንዘብ፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለባቸውን ሰዎች ሕክምና፣ በዘርፉ የሚካሄደውን ምርምርና የሕዝብ ትምህርት ለመደገፍ ስለተቋቋሙ ፋውንዴሽኖች ብዙ ደብዳቤዎች ደርሰውናል። ተመሳሳይ የሆኑትን አዋሕደን፣ የጸሐፊዎቹን ማንነት የሚገልጹ ዝርዝሮችን አውጥተን አምስቱን እዚህ አቅርበናል።

ጥያቄ፦ አባታችን ከማረፋቸው በፊት ለበጎ ሥራ ይዋል ብለው የተዉት ገንዘብ አለ። እኔና እኅቴ በከባድ ውፍረት ለሚቸገሩ ሰዎች ሕክምናና ምርምር ለሚያግዝ ፋውንዴሽን እንዲሰጥ እንፈልጋለን፤ አባታችንም በዚሁ ሕመም ብዙ ዓመት የተቸገሩ ሰው ነበሩ። ታላቅ ወንድማችን ግን «የካንሰር ሕመምተኛ፣ የልብ ሕመም ያለበት ሰው እያለ አፉን መግታት ላቃተው እንዴት ይሰጣል?» ብሎ ተቃወመን። ምን ብለን እንመልስለት?

መልስ፦ ለአባታችሁ ነፍስ ዕረፍትን፣ ለቤተሰቡም መጽናናትን እንመኛለን። ወንድማችሁ የተናገሩት ብዙ ለጋሾች እንዲያመነቱ ሲያደርግ የኖረ ሐሳብ ስለሆነ ዘርዘር ያለ መልስ ይገባዋል።

ረሃብንና ጥጋብን የሚመራው በአንጎል ውስጥ የሚገኘው ሃይፖታላመስ የተባለው ክፍል ነው። ይህ ክፍል ከስብ ሕዋሳት፣ ከጨጓራና ከአንጀት በሚደርሱት ሆርሞኖች አማካይነት ሰውነት ምን ያህል ኃይል እንዳከማቸ ያለማቋረጥ ይከታተላል። እ.ኤ.አ. በ1994 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በኒው ዮርክ የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቻቸው ከስብ ሕዋሳት የሚመነጨውን ሌፕቲን የተባለ ሆርሞን አገኙ። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ የሚሠሩ ሐኪሞች ይህ ሆርሞን ከተፈጥሮ የጎደላቸው ሁለት ሕፃናት እንዳሉ ገለጹ። ልጆቹ ምንም ያህል ቢበሉ የማይጠግቡ፣ ክብደታቸውም ገና ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ከልክ ያለፈ ነበር። በ1999 ይፋ በተደረገው ሕክምና አንዲት የ9 ዓመት ልጅ የጎደላትን ሆርሞን በመርፌ ስታገኝ ረሃቧ ጋብ አለ፤ ክብደቷም ወር በወር ይቀንስ ጀመር። ልጅቷ በእነዚያ ወራት የጠባይ ለውጥ አላመጣችም፤ ሰውነቷ ያጣውን አገኘ እንጂ።

እርግጥ ነው፣ እንዲህ ያለው ጉድለት የሚያጋጥመው እጅግ ጥቂት ሰዎችን ነው። አብዛኛው ከባድ ውፍረት ያለበት ሰው ሌፕቲን አይጎድለውም፤ እንዲያውም ይበዛበታል፤ አንጎሉ ግን መልእክቱን እንደሚገባው አይቀበልም። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት ሰዎች በክብደት ከሚለያዩባቸው ምክንያቶች ከ40 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው ከውርስ ጋር የተያያዘ ነው። በአውስትራሊያ ሜልበርን የተካሄደና በ2011 የታተመ ጥናት ደግሞ ለ10 ሳምንታት በጥብቅ የአመጋገብ ሥርዓት ክብደት የቀነሱ ሰዎችን ተከታትሎ፣ ከአንድ ዓመት በኋላም ረሃብን የሚቀሰቅሱት ሆርሞኖች ወደ ቀድሞ ልካቸው እንዳልተመለሱና ሰዎቹ ከመጀመሪያው ይበልጥ ይራቡ እንደነበር አሳይቷል። ማለትም ክብደቱን የቀነሰ ሰው የጠፋውን ለማስመለስ ከሚታገል ከገዛ ሰውነቱ ጋር ይጋጠማል። አባታችሁም ቀንሰው መልሰው የጨመሩባቸው ጊዜያት ከነበሩ፣ ያን ጊዜ የሆነው ይኸው ሳይሆን አይቀርም። የአሜሪካ የሕክምና ማኅበር በ2013 ከመጠን ያለፈ ውፍረትን በሽታ ብሎ የተቀበለውም ይህን የመሰለ ማስረጃ ከተከማቸ በኋላ ነው።

ወንድማችሁ ስለ ካንሰርና ስለ ልብ ያነሡት ነጥብ እንዲያውም የእናንተን ሐሳብ የሚደግፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2016 ከመጠን ያለፈ የሰውነት ስብ ቢያንስ ለ13 የካንሰር ዓይነቶች የመጋለጥ ዕድልን እንደሚጨምር አስታውቋል፤ ከእነዚህም መካከል የትልቁ አንጀት፣ የማሕፀን፣ የኩላሊትና ከወር አበባ መቋረጥ በኋላ የሚከሰተው የጡት ካንሰር ይገኙበታል። ዓይነት 2 የስኳር ሕመም፣ የደም ግፊት፣ የልብ ሕመምና የጉልበት መገጣጠሚያ ጉዳትም ከዚሁ ምንጭ ይቀዳሉ። ድርጅቱ እንደሚለው በ2022 በዓለም ላይ ከስምንት ሰዎች አንዱ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ነበረበት። ስለዚህ ለዚህ ሕመም የሚሰጥ ገንዘብ ከካንሰርና ከልብ ሕመምተኞች የሚቀማ ሳይሆን ሕመሙ ገና ሳይደርስባቸው የሚደርስላቸው ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ፋውንዴሽን በላከልኝ የልገሳ ቅጽ ላይ ገንዘቤ ለሕክምና፣ ለምርምር ወይም ለትምህርት እንዲውል እንድመርጥ ተጠይቄያለሁ። እናንተ ብትሆኑ የትኛውን ትመርጡ ነበር?

መልስ፦ ሦስቱም ያስፈልጋሉ፤ ነገር ግን እኛ ብንጠየቅ ክትትል ያለበትን እንመርጣለን፤ ምክንያቱም ይህ ሕመም በአንድ ጊዜ ሕክምና የሚዘጋ ሳይሆን እንደ ደም ግፊት ሁሉ ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር ነው።

በምርምሩ በኩል ይህ ምን ማለት እንደሆነ የስዊድን የውፍረት ጥናት በሚገባ ያሳያል። በ1987 የተጀመረው ይህ ጥናት 4,047 ሰዎችን የያዘ ሲሆን፣ ግማሽ ያህሉ ክብደት ለመቀነስ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ፣ የቀሩት ደግሞ በመደበኛው ሕክምና የቆዩ ነበሩ። ቀዶ ሕክምናው ዕድሜ ማራዘም አለማራዘሙ በግልጽ የታወቀው በ2007 ነው፤ የዕድሜና የጤና ልዩነቶች ከታሰቡ በኋላ ቀዶ ሕክምና ያደረጉት ሰዎች የመሞት ዕድል በ29 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰዎችን እየጠሩ መመዘን፣ ደም መመርመር፣ የሞተውን መመዝገብ ለዜና የሚሆን ሥራ አይደለም፤ መድኃኒት አምራቹ ፈቃድ እስኪያገኝ፣ የበጀት ኃላፊውም ዓመቱ እስኪዘጋ ነው የሚጠብቀው። መጠበቅ የሚችል ገንዘብ የበጎ አድራጎት ገንዘብ ነው። አሁን በስፋት የተሠራጩት የክብደት መቀነሻ መርፌዎችም እንዲህ ያለ ትዕግሥት ይፈልጋሉ። ሴማግሉታይድ የተባለው መድኃኒት በ2021 በታተመ ጥናት በ68 ሳምንታት ውስጥ የታካሚዎቹን ክብደት በአማካይ በ14.9 በመቶ ቀንሷል፤ ሆኖም መድኃኒቱ ከተቋረጠ በኋላ በተደረገው ክትትል ሰዎቹ በአንድ ዓመት ውስጥ የቀነሱትን ክብደት ሁለት ሦስተኛ መልሰው ጨምረዋል። ለስድስት ወር ብቻ መድኃኒት ገዝቶ የሚያድል ፋውንዴሽን ከዚህ ቁጥር ጋር ፊት ለፊት ሊነጋገር ይገባዋል።

ትምህርት ሲባል ሁለት ነገር ይደባለቃል። አንዱ «ጥቂት ብሉ፣ ብዙ ተንቀሳቀሱ» የሚል ወረቀት አሳትሞ መበተን ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው ስለሌለ በዚህ ላይ የሚወጣ ገንዘብ ያሳዝነናል። ሌላው በአሜሪካ በተካሄደው የስኳር ሕመም መከላከያ ጥናት የታየው ነው። በዚያ ጥናት በስኳር ሕመም ለመያዝ የተቃረቡ ሰዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው አሠልጣኝ ተመደበላቸው፤ በመጀመሪያዎቹ 24 ሳምንታት 16 ትምህርቶችን ተከታተሉ፤ ከዚያም በየወሩ ይገናኙ ነበር። የታሰበው ግብ ክብደትን በ7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ብቻ ነበር። በ2002 ውጤቱ ሲወጣ በስኳር ሕመም የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሶ ተገኘ፤ ሜትፎርሚን የተባለውን መድኃኒት የወሰዱት ግን በ31 በመቶ ነበር የቀነሰላቸው። በሁለቱ የትምህርት ዓይነቶች መካከል ያለው ልዩነት ሰው ነው፤ ስሙን የሚያውቅ፣ ሲቀር የሚጠይቅ አሠልጣኝ። ከግለሰብ አልፎ ሕግ አውጪዎችን ማስረዳትም ትምህርት ነው። ሜክሲኮ በ2014 በጣፋጭ መጠጦች ላይ በሊትር የ1 ፔሶ ቀረጥ ስትጥል ከቅስቀሳው ጀርባ ብሉምበርግ ፊላንትሮፒስ የተባለው የአሜሪካ የበጎ አድራጎት ድርጅት ድጋፍ ነበረበት፤ በመጀመሪያው ዓመት የእነዚያ መጠጦች ግዢ በአማካይ 6 በመቶ ቀንሷል።

ሕክምናን በተመለከተ ለጋሾች ብዙውን ጊዜ በዓይነ ሕሊናቸው የሚመጣላቸው የቀዶ ሕክምና ክፍል ነው። እኛ ግን ከዚያ በፊት ወደ ምርመራ ክፍሉ እንዲመለከቱ እንጠይቃለን። መደገፊያው ጠባብ የሆነ ወንበር ላይ መቀመጥ ያልቻለ ታካሚ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። ሲገባ ደም ግፊቱ ለቀጭን ክንድ በተሠራ መጠቅለያ ይለካል፤ ጠባብ መጠቅለያ ደግሞ ግፊቱን ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ስለሚያሳይ የማያስፈልገውን መድኃኒት ይዞ ሊወጣ ይችላል። ሚዛኑ ከተወሰነ ኪሎ በላይ ስለማያነብ ክብደቱ በግምት ይጻፋል፤ ከዚያ በኋላ ቀነሰ ወይም ጨመረ የሚባለው ሁሉ መነሻ የለውም። ሰፊ መጠቅለያ፣ የክንድ መደገፊያ የሌለው ጠንካራ ወንበርና ከፍተኛ ክብደት የሚመዝን ሚዛን ከአንድ ቀዶ ሕክምና ጋር ሲነጻጸሩ ወጪያቸው ትንሽ ነው፤ ለብዙ ዓመታትም ለብዙ ሰዎች ያገለግላሉ። የሚለግሱለት ፋውንዴሽን በሕክምና ዘርፉ እነዚህን የሚያካትት ከሆነ ያለ ስጋት «ሕክምና» የሚለውን ሊመርጡ ይችላሉ። ካላካተተ «ምርምር» የሚለውን መርጠው፣ ገንዘቡ ለረጅም ጊዜ ክትትል እንዲውል በጽሑፍ ይግለጹ፤ ለጋሽ እንዲህ ያለ ገደብ ማስቀመጡ የተለመደ አሠራር ነው።

ጥያቄ፦ በበጎ ፈቃደኝነት ላገለግለው ያሰብኩት ፋውንዴሽን ገንዘብ ከሚያገኝባቸው ተቋማት መካከል የውፍረት መድኃኒት የሚያመርት ኩባንያ እንዳለ ተረዳሁ። ልተወው?

መልስ፦ ይህን ብቻ አይተው አይተዉት፤ ነገር ግን ሳይጠይቁም አይግቡበት። በዚህ ዘርፍ ከኢንዱስትሪ ገንዘብ ፈጽሞ የራቀ ተቋም ማግኘት ከባድ ነው። የዴንማርኩ ኖቮ ኖርዲስክ ፋውንዴሽን ሴማግሉታይድን በሚያመርተው ኩባንያ ላይ የወሳኝነት ድምፅ ያለው ባለቤት ነው፤ ግንኙነቱ ግን በይፋ የተገለጸ ስለሆነ ከእርሱ በተገኘ ገንዘብ የተሠራን ጥናት የሚያነብ ሰው ምን ግምት ውስጥ ማስገባት እንዳለበት ያውቃል። የአሜሪካ የሜታቦሊክና የባሪያትሪክ ቀዶ ሕክምና ማኅበር ፋውንዴሽንም ውፍረትን በቀዶ ሕክምና ከሚያክሙ ባለሙያዎች ማኅበር የተወለደ ነው፤ ለምርምርና ለትምህርት የሚሆን ገንዘብ ያሰባሰበባቸው ሕዝባዊ የእግር ጉዞዎቹ የታወቁ ናቸው። የቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ያቋቋመው ፋውንዴሽን ለቀዶ ሕክምና ማድላቱ የማይቀር ነው፤ ይህ ነውር አይደለም፤ አንባቢውና ለጋሹ እስካወቁት ድረስ።

ነውሩ የሚጀምረው ሲደበቅ ነው። በ2015 ዓለም አቀፍ የኃይል ሚዛን ኔትወርክ የተባለና በታወቁ የዩኒቨርሲቲ ምሁራን የሚመራ ቡድን ለውፍረት ዋነኛው ተጠያቂ አመጋገብ ሳይሆን የእንቅስቃሴ ማነስ ነው የሚል መልእክት ያሠራጭ ነበር። ገንዘቡ ከኮካ ኮላ ኩባንያ የመጣ መሆኑ በጋዜጣ ሲጋለጥ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ 1 ሚሊዮን ዶላር መለሰ፤ ቡድኑም በዚያው ዓመት ማብቂያ ተበተነ። በዚያ ጉዳይ እጅግ የሚያሳዝነው ገንዘቡ ብቻ አይደለም። እንቅስቃሴ ለጤና የሚጠቅም መሆኑ እውነት ነው፤ እውነቱን ከሌላው እውነት ለይቶ ማቅረቡ ግን ሕመምተኞችን «በቂ ስላልሮጣችሁ ነው» የሚል ወቀሳ አሸከማቸው።

ስለዚህ የፋውንዴሽኑን ዓመታዊ ሪፖርትና የውጭ ኦዲተር ያረጋገጠውን የሒሳብ መግለጫ ይጠይቁ። ከአንድ ለጋሽ የሚመጣው ገንዘብ ከጠቅላላው ገቢ ምን ያህል እንደሆነ ይመልከቱ፤ ከግማሽ የሚበልጥ ከሆነ ያ ለጋሽ ቢሄድ ፋውንዴሽኑ መቆሙ ያጠራጥራልና ቃሉን ለመቃወም ይቸገራል። የምርምር ገንዘብ ማን እንደሚያገኝ የሚወስነው ኮሚቴ አባላት የጥቅም ግንኙነታቸውን በጽሑፍ ያሳውቁ እንደሆነ፣ ውጤቱ ለጋሹን ባያስደስትም የመታተም መብት በውሉ ላይ ለተመራማሪው የተጠበቀ መሆኑንም ያረጋግጡ። ከእነዚህ ሁሉ የመጨረሻውን እኛ አጥብቀን እንይዘዋለን። ያልታተመ መጥፎ ውጤት ሌላ ታካሚ ላይ ይደገማል፤ ቀደም ሲል ለውፍረት ተፈቅደው በኋላ በጉዳታቸው ከገበያ የወጡ መድኃኒቶችን ያየ ዘርፍ ይህን ሊረሳ አይገባም። ፌንፍሉራሚን የልብ በሮችን በመጉዳቱ በ1997፣ ሲቡትራሚን የድንገተኛ የልብ ሕመምና የስትሮክ አደጋን በመጨመሩ በ2010 ከገበያ ወጥተዋል።

ጥያቄ፦ የምሠራበት ፋውንዴሽን ለትምህርት ዘመቻ ያዘጋጀው ፖስተር ፊቱ ያልታየ፣ ከአንገት በታች ብቻ የተነሣ ወፍራም ሰው ምስል ይዟል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ማንነቱ እንዳይታወቅ ነው» ይላል። ትክክል ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ፖስተሩ ከመታተሙ በፊት እንዲቀየር ይጠይቁ። ፊት የሌለው አካል ሰውን ወደ ሆድ ያሳንሳል፤ ብዙ ጊዜም ባለቤቱ ሳያውቅ በመንገድ ላይ የተነሣ ነው። በ2020 ኔቸር ሜዲስን በተባለው መጽሔት ላይ የወጣው የባለሙያዎች የጋራ መግለጫ በክብደት ምክንያት የሚደርስ ማግለል ሰዎችን ለአካላዊና ለአእምሯዊ ጉዳት እንደሚዳርግ፣ ተገቢ ሕክምና እንዳያገኙም እንደሚያደርግ በግልጽ አስፍሯል። ስለዚህ ሰውን አሳፍሮ ለማስተማር የሚወጣ ገንዘብ በሌላው እጅ ለሕክምና የወጣውን ያፈርሳል። የዓለም የውፍረት ፌዴሬሽን ሰዎችን ከነፊታቸውና ከነክብራቸው፣ በሥራቸውና በቤታቸው የሚያሳዩ ፎቶግራፎችን ያከማቸ የምስል ባንክ አለው፤ ከዚያ መውሰድ ይቻላል።

ጥያቄ፦ የክብደቴና የቁመቴ ምጣኔ (BMI) 37 ነው። አንድ ፋውንዴሽን የጨጓራ ቀዶ ሕክምናዬን ወጪ ሙሉ በሙሉ እንደሚሸፍን ነግሮኛል፤ በምላሹ ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ የምነሣቸውን ፎቶግራፎች ለማስታወቂያው እንዲጠቀም እንድፈርም ይፈልጋል። አንድ ዘመዴ «37 ለቀዶ ሕክምና አይበቃም» ብሎኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ዘመድዎ የነገሩዎት የቆየውን መመሪያ ሳይሆን አይቀርም። በ1991 በአሜሪካ የወጣው መመሪያ ቀዶ ሕክምናን የሚፈቅደው ምጣኔው 40 እና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ወይም 35 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ከባድ ተጓዳኝ ሕመም ላለበት ሰው ነበር። በ2022 ግን ሁለት ዋና ዋና የዘርፉ ማኅበራት ይህን አሻሽለው፣ ምጣኔው 35 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ተጓዳኝ ሕመም ኖረም አልኖረ ቀዶ ሕክምናው እንዲመከር አድርገዋል። እርስዎ በዚህ ውስጥ ይገባሉ፤ የመጨረሻው ውሳኔ ግን ሙሉ ጤናዎን የመረመረው ሐኪም ነው።

እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን «ሙሉ በሙሉ» የሚለው ቃል ምን ያህሉን እንደሚያጠቃልል ነው። በልምድ በዳበረ ማዕከል የሚደረግ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና አደጋው ዝቅተኛ ሲሆን፣ ከሌሎች የተለመዱ የሆድ ቀዶ ሕክምናዎች ጋር የሚቀራረብ ነው። ከባዱ ሥራ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጨጓራው ሲያንስ ወይም የምግቡ መንገድ ሲቀየር ሰውነት ብረት፣ ቫይታሚን ቢ12፣ ቫይታሚን ዲና ካልሲየም በበቂ መጠን ስለማያገኝ፣ እነዚህን ዕድሜ ልክ መውሰድና በየጊዜው ደም መመርመር ግድ ይሆናል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ሳምንታት የማያቋርጥ ትውከት ቢያጋጥምዎ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባዎታል፤ የቫይታሚን ቢ1 እጥረት በፍጥነት አንጎልንና ነርቭን ሊጎዳ ይችላልና። ሴት ከሆኑና ልጅ ለመውለድ ካሰቡ ደግሞ ከ12 እስከ 18 ወራት እርግዝናን ማዘግየት ይመከራል። ስለዚህ ፋውንዴሽኑን በጽሑፍ ይጠይቁ፦ ቫይታሚኖቹንና የደም ምርመራውን እስከ ስንት ዓመት ይከፍላል? የሥነ ምግብ ባለሙያና የሥነ ልቦና ምክር ተካቷል? ችግር ተፈጥሮ ዳግም ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልግ ማን ይሸፍናል? ድጋፉ ከሆስፒታል በሚወጡበት ቀን የሚያበቃ ከሆነ፣ ለቀሪው ወጪ ከራስዎ ገቢ መሸፈን መቻልዎን ሳያሰሉ ቀኑን አይቁረጡ።

ፎቶግራፉን በተመለከተ፣ ፋውንዴሽኖች ለጋሾችን ለማሳመን የታካሚዎችን ታሪክ መፈለጋቸው የሚያስወቅስ አይደለም። ነገር ግን የሕክምናው ስምምነትና የፎቶግራፉ ስምምነት በአንድ ወረቀት ላይ ሊታሰሩ አይገባም፤ መታከም የፈለገ ሰው በነፃነት «አይሆንም» ማለት አይችልምና። በተጨማሪም ክብደት ከዓመታት በኋላ በከፊል ሊመለስ ስለሚችል፣ ዛሬ በደስታ የፈቀዱት ምስል ያን ጊዜ በየአደባባዩ ተለጥፎ ማየት ሊያምዎ ይችላል። የፎቶግራፉን ፈቃድ በሌላ ወረቀት፣ ቀዶ ሕክምናው ካለፈ በኋላ፣ በፈለጉበት ጊዜ ሊሰርዙት በሚችሉበት ሁኔታ እንዲያዘጋጁልዎ ይጠይቁ። ፎቶግራፍ ካልሰጡ ሕክምናው እንደሚቀር ከተነገረዎ ጉዳዩን ለፋውንዴሽኑ የዳይሬክተሮች ቦርድ በደብዳቤ ያቅርቡ፤ የደብዳቤውንም ቅጂ ለሚያክምዎ ሐኪም ይስጡ።